ወደ ኋላ የዞረው ሞተር

ረቡዕ፣ ጁን 12

ዝናብ። የድንቹ ማሳ ውሃ ቋጥሯል፣ አይገባበትም። ቀኑን ሙሉ ጎተራ ውስጥ፣ ከሽመላዋ ጋር። ስሙን ያወጣላት አባባ ነው፤ አንገቷ ስለሚረዝም። ትራክተር ትባል እንጂ አርሳ አታውቅም። ሥራዋ በውድድር ላይ የተጫነ ጋሪ መቶ ሜትር መጎተት ነው። ሞተሯ ከጦር አውሮፕላን የወረደ፣ ዘጠኝ ሲሊንደር በክብ የተደረደሩበት። አባባ ጦሩ ትርፍ ዕቃ ሲሸጥ ሁለት ገዛ። አንዱ እስካሁን ከነሣጥኑ አለ።

ስትቆም ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ከመነሳቷ በፊት ሞተሩን በረጅሙ ብረት በእጅ ማዞር... አልዞር ብሎ ከያዘ ማቆም፣ የታችኞቹን ካንዴላ ፈትቶ ዘይቱን ማፍሰስ። ሠላሳ ዓመት የኔ ሥራ ነው። አባባ ብረቱን ሲሰጠኝ፣ «ለወንድምሽ እንዳትሰጪው፤ ይቸኩላል» አለኝ።

ወንድሜ ሂልብራንድ ዳቦና አይብ ይዞ ብቅ አለ።
«ሙሽራዬ እንዴት ናት?»
«ካንተ ትሻላለች።»

ቅዳሜ፣ ጁን 15

ሽመላዋ ተሰበረች።

ከፊታችን ያለው ቡድን ስለቀረ ተራችን ቀድሞ መጣ። ደመናው ከባሕሩ በኩል እየመጣ ነበር፤ ሜዳው ከራሰ ጉተታ የለም። ሂልብራንድ መቀመጫው ላይ ወጥቷል። «ሩልፊን! ቶሎ በይ እንጂ!» ብረቱን አስገብቼ አዞርኩ። ሦስተኛው ዙር ላይ ያዘ።

ካንዴላ መፍታት አሥር ደቂቃ ይፈልጋል። ወደ ኋላ አዞርኩት። ተለቀቀ። ከዚያ ወደ ፊት... ያለችግር። አስነሳ ብዬ እጄን አነሳሁለት።

ወደ ኋላ ሲዞር ዘይቱ አይወጣም። ወደ አየር ማስገቢያው ቧንቧ ይሸሻል፤ ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ ይገባል። ዘይት አይጨመቅም፤ የሚታጠፈው የሞተሩ ብረት ነው። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን?

ስልሳ ሜትር ላይ ድምፅዋ ተለወጠ። ከዚያ ፍንዳታ፣ ከዚያ ጸጥታ። ሂልብራንድ ምንም አልሆነም፣ ተመስገን። የራስ ቁሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኘሁት። «እኔ ነኝ» አለ። «ድምፁን ሰምቻለሁ... የነዳጁን እጀታ አልለቀቅኩም።»

የራስ ቁሩን ተቀበልኩት።

ሰኞ፣ ጁን 17

ሃርም፣ የጎረቤት ቡድን መካኒክ፣ መጥቶ ከፈታት። አምስተኛው ሲሊንደር። ቢዬላው፣ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ታጥፎ ነው የተሰበረው።
«አንተ ሽማግሌ፣ ምን አድርጋህ ነው እንዲህ የጨከንክባት?»
 ሂልብራንድ ራሱን ነቀነቀ። መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። የተሰበረው ላይ አስተካክዬ አበራሁ። ይኼ ነው ያስፈራኝ።

ሐሙስ፣ ጁን 27

ሂልብራንድ የራስ ቁሩን ከድንች ሣጥኖቹ ጋር አስቀምጦታል። ሣጥን ውስጥ ያለውን ሞተር ዴንማርኮች ሊገዙት ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ይመጣሉ።
«አባባ ያስቀመጠውን?» አልኩት።
«ለማን ይቀመጥ? ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሩልፊን። ጆሮዬ ሰምቶ እጄ ከዘገየ... ነገ ሰው ላይ ነው የምወጣው።»
እጁን ዘርግቶ አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

ረቡዕ፣ ጁላይ 3

ዛሬም አልነገርኩትም።

ዓርብ፣ ጁላይ 5

ነገርኩት። ማሳው ዳር፣ ቦዩ አጠገብ። ጎንበስ ብሎ የድንች ቅጠል እያገላበጠ ነበር።
«ያን ቀን ይዞ ነበር» አልኩት።
ቀና አላለም። «አፈሰስሽው?»
«ወደ ኋላ አዞርኩት።»
ቅጠሉን ለቀቀ። ቀና አለ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።
«ሦስት ሳምንት ሙሉ እጄን ሳየው ነበር» አለ። «ሦስት ሳምንት፣ ሩልፊን። አጠገቤ ሆነሽ።»
«አውቃለሁ።»
«እኔ ነኝ የሚቸኩለው... አይደል?»
አባባ ያኔ ያለኝን ሰምቶ ኖሯል። ይህን ሁሉ ዓመት።
በእንጨት ጫማው በቦዩ ዳር ሄደ። አልተከተልኩትም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 6

ዴንማርኮቹ መጡ። ሂልብራንድ ቡና አጠጥቶ ባዶ እጃቸውን ሸኛቸው። እኔን አላነጋገረኝም።

እሑድ፣ ጁላይ 28

ሃርም ነገረኝ፦ ሣጥኑ ተከፍቷል፤ ሁለተኛውን ሞተር እሱና ሂልብራንድ እየገጠሙት ነው። እኔን የጠራኝ የለም። ይሁን። ቢያንስ እጁን ማየት ትቷል።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 24

ጠዋት ስልክ፤ ሂልብራንድ። «ሦስት ሰዓት ላይ ነይ። ባልዲ ይዘሽ።» ሌላ ቃል የለም።

ሽመላዋ ቆማለች። የራስ ቁሩ ተወልውሎ መቀመጫዋ ላይ ተቀምጧል። እጄ በልማድ ብረቱ ወደሚሰቀልበት ምስማር ሄደ። ባዶ ነበር። ብረቱ እሱ እጅ ላይ ነው።

«ቁጠሪ» አለኝ።

አዞረ። እንዲህ ቀስ ሲል አይቼው አላውቅም። አንድ... ሁለት... ሦስት... አራተኛው ላይ ያዘ። ቆመ። አየኝ። እኔም አየሁት።

«ካንዴላውን ፍቺ።»

ተንበርክኬ ፈታሁ። ጥቁር ዘይት ባልዲው ውስጥ ወረደ፤ መጀመሪያ እንደ ገመድ፣ ከዚያ ጠብ... ጠብ... እስኪያበቃ ጠበቅን። የቸኮለ አልነበረም።

ካንዴላውን መለስኩ። ብረቱን ጨበጠ።

«እንደገና» አለ። «ከአንድ ጀምሪ።»

ከአንድ ጀመርኩ።