እናት ዝይዋ ሳትሰማ

ሶልዬ፣ የልጄ አባት፣

አንተ ከሄድክ ሁለተኛው ዓመት በረዶ እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ላይ እየወረደ ነው። መኪናውን አሁን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ አጠራረጌን ብታይ ትስቅብኝ ነበር። ሜላታችን አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ የፊት ጥርሶቿም ወልቀዋል። ደህና ነን ብዬ ልጨርስ ነበር፤ ግን ተቀይሜሃለሁና እሱን ልንገርህ።

ዳውንታውን ከፓርኪንግ ሥራህ ተመልሰህ ሶፋው ላይ ስታነብላት ትዝ ይልሃል? አንዷን ገጽ ሳትገልጥ፣ ይሄ ለምን አኮረፈ፣ አሁን ምን የሚመጣ ይመስልሻል እያልክ እራቱ ይቀዘቅዝ ነበር። ፈተና ነው እንዴ፣ አንብበህ ገላግላት እያልኩ እነዘንዝህ ነበር። ልጅ የሚገባው የሰማው ሳይሆን ራሱ አስቦ የተናገረው ነው ትለኝ ነበር። እውነትህን ነው፤ ጉድህም የወጣው በዚሁ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከላይብረሪ አንድ የዝይዎች መጽሐፍ መርጣ አመጣች፤ በመጨረሻው ሰመርህ፣ በዚያ በሞቃቱ ወቅት፣ ደጋግማችሁ ያነበባችሁትን። አባት ዝይ ከመንጋው ወደ ኋላ የቀረበት ገጽ ላይ ስደርስ እጄን ያዘችና፣ እዚህ ጋ ዳዲ ይጠይቃል አለችኝ። ጥያቄህ፣ አባትየው ባይመለስ ጫጩቶቹን ማን ይመራል የሚል ነበር። መልሷንም ነገረችኝ፦

«ማሚ ዝይ። ግን እሷ ገና አታውቅም፤ ዳዲ ሲክሬት ነው ብሏል።»

ቀሪውን እንዴት እንዳነበብኩት አላውቅም። በረዶ ሲጀምር ሆስፒታል የገባህ ዕለት ሕመምህን ሁላችንም አንድ ላይ የሰማን መስሎኝ ነበር። ለካ አንተ በሰመሩ ታውቅ ኖሯል። መርዶ ለባለቤቱ መጨረሻ ላይ እንደሚነገር አውቃለሁ፤ ወግ ነው። አንተ ግን ገና በሕይወት ነበርክ እኮ። እኔ ሊትልተን ከተማ ድረስ ሄጄ የሰው አረጋውያን ላጥብ ኦቨርታይም ስጨምር፣ አይዞሽ ሂጂ ብለህ ትሸኘኝ ነበር። ለዚያች ለትንሿ ልጅ በሥዕል አስረድተህ፣ ምስጢርም አሸክመህ፣ እኔን ባዳ አደረግኸኝ። ጉድ ሠራኸኝ፣ ሶልዬ።

እሷን አልተቆጣኋትም። ትናንት ያንኑ ገጽ ገለጥንና በተራዬ ጠየቅኋት፤ እናት ዝይዋ ቀድማ ብታውቅ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? ሥዕሉን ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን ከእናትየዋ ላይ አንስታ ወደ ኋላ፣ እስከ አባትየው ድረስ እየወሰደች፣ «አብራው ትበር ነበር፣ ቀስ ብላ» አለች።

አልረሳህም። ጥያቄህንም ልጅህ ላይ አላቋርጥባትም። ግን ቀስ ብዬ እበርልህ እንደነበር አንተም አትርሳ።

ሃና