አራቱ ሳንቲሜትር የት እንደጠፋ

ውድ ወንድምጋሼ፣

ደህና ነህ ወይ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ብርድ ሲሆን የእጅ አንጓዋን ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለባትም፤ ምላሷም እንደ መቀሷ ስለቱን አልለቀቀም። ይህን በስልክ መልእክት ልጽፍልህ ጀምሬ ተውኩት። በስልክ ከሆነ ግማሹን አንብበህ "እሺ" ብለህ ታልፈዋለህ፤ አውቅሃለሁ። አለቃህ የመጋዘኑን የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አንተ እንድትሠራው ሲጠይቅህ እንደማትቀበል ነግረኸኛል። "እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ሰው አስለቅሷል፤ አይለምደኝም" አልከኝ። መልስ የምትሰጠው ዓርብ ነው፤ ስለዚህ ከዓርብ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ የጀመረው ከኮምፒውተሩ ነው። አዎ፣ ያው ትተህልን የሄድከው፣ ከእማዬ የስፌት መኪና አጠገብ የተቀመጠው። ባለፈው ወር ዊንዶውሱ ጨርሶ አልነሣም አለ። ጠጋኙን ጠራሁት፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልገውን ሰውዬ። ከፍቶ አየውና፣ "አዲሱን ዊንዶውስ ይህ ማሽን አይሸከመውም። በምትኩ ቀለል ያለውን ሊኑክስን ልጫንልሽ" አለኝ።

"የወንድሜ ፕሮግራም የዊንዶውስ ነው" አልኩት። "የእናቴ ደንበኞች ልክ በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።"

"ዋይን የሚባል ነገር አለ። ፕሮግራሙ ዊንዶውስን የሚጠይቀውን ሁሉ ይቀበልና በሊኑክስ በኩል ያስፈጽምለታል። አስተርጓሚ በይው።"

"ባይሠራስ?"

"ባይሠራማ እናትሽ እኔን በመርፌ ትሰፋኛለች።"

ሠራ። መጀመሪያ ፊደሎቹ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነው ታዩኝ፤ የአማርኛ ፊደል ፎንት ሲጨመርለት ግን የአንተ ፕሮግራም ከነሰማያዊ ቀለሙ ብቅ አለ። "ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ" የሚለውን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የሳቅክ እንደሆነ ጉድህ ነው። ደግሞ ሰው ሳያየኝ ያንን የልጅነቴን የእርሻ ጌም ከአሮጌው ሲዲ አውጥቼ ሞከርኩት። በዊንዶውስ እንደ ተቆራረጠ ስልክ እየተንተባተበ ያሰቃየኝ የነበረው ጌም በሊኑክስ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ዱባዬንም ሰበሰብኩ።

ጉዱ የፈላው ከሳምንት በኋላ ነው። እማዬ ለክሊኒኩ ነርሶች ዘጠኝ ጋዋን ሰፍታ አስረከበች። በማግስቱ የነርሶቹ ኃላፊ ጋዋኑን ለብሳ መጣችና መሐል ቤት ቆማ፣

"እትዬ፣ ይሄ ለአንድ ሰው ነው ለሁለት?" አለቻት።

እማዬ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ለካች። ደገመች። ኃላፊዋ እንደሄደች ወደኔ ዞራ፣ "ያ ሊኑክስሽ ልኬን አበላሸው" ብላ ጮኸችብኝ። እኔም ፕሮግራምህ በሙሉ መጠኑ ያተመውን የቅዱን ወረቀት አውጥቼ ለካሁት። ኮምፒውተሩ ላይ ደረቱ መቶ ይላል፤ ወረቀቱም መቶ ነው። አንዲት ሚሊሜትር እንኳ አይዛነፍም።

"ልክ ነው እኮ፣ እማ።"

"እንዴት ልክ ይሆናል? እኔ ሁለት ጣት ጨምሬ ነው የምቆርጠው!"

"ለምን ትጨምሪያለሽ?"

 የማትፈልገውን ነገር ስትጠየቅ እንደምታደርገው ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች። በኋላ ግን ወጣላት። ከዚያ ከመምህሯ የሠርግ ቀሚስ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ፕሮግራምህ የሚያወጣው ወረቀት ሁሉ ያጥር ነበር። እሷም አንተ እንዳታዝን ብላ ለማንም ሳትናገር በየወረቀቱ ላይ ሁለት ጣት ስትጨምር ኖራለች።

የመምህሯን ቀሚስ አልረሳህም፤ እኔም አልረሳሁም። ለሠርጓ ነበር፣ ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ፣ ሴትዮዋ መስታወት ፊት ቆማ አለቀሰች። እማዬ "በመቀስ የሳትኩት እኔ ነኝ" ብላ በራሷ ላይ ወሰደችው። አንተ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም ሰምተሃል። ወረቀቱን ለክተህ ከመቶው አራት ሳንቲሜትር ጎድሎ አገኘኸው። የጻፍከውን ከላይ እስከ ታች ሦስት ቀን ፈተሽክ፤ ስህተት አጣህበት። በአራተኛው ቀን "ጭንቅላቴ ለዚህ አልተፈጠረም" ብለህ ዘጋኸው፣ የኮምፒውተር ትምህርትህንም ተውከው።

አሁን የእኔን ኃጢአት ስማ። ወረቀቱ ለምን በሊኑክስ ልክ እንደመጣ ለማወቅ የዋይንን ማስተካከያ ከፈትኩ። እዚያ ውስጥ የፊደሉንና የስክሪኑን መጠን የሚወስን ቁጥር አለ፤ ዘጠና ስድስት ይላል፣ በማውዝ እየተጎተተ ይቀየራል። ሳየው ትዝ አለኝ። በዊንዶውሱም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ነበር፤ ማስመሪያ ተስሎ፣ ጎትቱኝ ጎትቱኝ የሚል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ የጌሙ ጽሑፍ ትንሽ ከፍ እንዲልልኝ ብዬ የጎተትኩት እኔ ነኝ። አንተ ፕሮግራምህን ለክተህ ከጨረስክ በኋላ፣ የመምህሯ ቀሚስ ሊቆረጥ ሁለት ቀን ሲቀረው።

ለማረጋገጥ ዋይን ላይ ቁጥሩን ወደ መቶ ጎትቼ አተምኩ። ፕሮግራምህ ኢንቹን ሁልጊዜ ዘጠና ስድስት ነጥብ አድርጎ ይስላል፤ ኮምፒውተሩ መቶ ሲያደርገው ከመቶው ሳንቲሜትር አራቱ ጠፋ። መለስኩት፤ ተመለሰ።

ይህ ብቻ ቢሆን ልጅነት ነው እል ነበር። ግን በዚያ ሳምንት አንተ ቀስ ብለህ፣ ሳትቆጣ፣ "ኮምፒውተሩ ላይ የነካሽው ነገር አለ?" ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ምንም አልነካሁም" አልኩህ። ጌሙን ትከለክለኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው። የፊደል መጠን ቀሚስ ያጠባል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም፤ መዋሸቴን ግን አውቅ ነበር። ይቅር በለኝ፣ ወንድምዬ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትለኝም አልቀየምህም።

ለእማዬ ስነግራት ትመታኛለች ብዬ ነበር። መቀሱን አስቀምጣ ሳቀች፤ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ እንባዋን በሜትሩ ጫፍ እየጠረገች፣ "ልጄ አልሳተም ነበር በይኛ!" አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ይህንኑ ትናገራለች፤ ቁልፍ ሊያስተክል የመጣው እንኳ ሰምቶ ነው የሚሄደው። ዘጠኙን ጋዋን እኔ ነኝ ተርትሬ ያጠበብኩት፤ ጣቶቼ በመርፌ ተበሳስተዋል፣ ግን እንደዚህ ሳምንት ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ወረቀት ታጥፎ አለ። ከፕሮግራምህ ያተምኩት አንድ ካሬ ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም። በየጎኑ አሥር ሳንቲሜትር መሆን አለበት። እኔ ዋሽቼህ ስለማውቅ እኔን አትመን። ማስመሪያ ፈልግና አራቱንም ጎን ራስህ ለካ፤ ከዚያ ወደ አለቃህ ሂድ።

ይቅርታህን በጉጉት የምትጠብቅ
እህትህ