ወፍጮው በሮቤ ዞሮ ይመጣል

ለቀድሞ እጮኛዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከርመሃል? ዲክሲስ እንዴት ነች፣ ዝናቡስ በረታባችሁ? ከሁሉ በፊት እናትህ አዴ ፋጡ እንዴት ናቸው? ቀኝ እጃቸው ትንሽ ይታዘዝላቸው ጀመር ወይስ አሁንም የምታጎርሳቸው አንተ ነህ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እንዲያውም ከትናንት ጀምሮ ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፍቶኛል። ስልክ ያልደወልኩልህ ድምፅህን ከሰማሁ የምናገረው ሁሉ ስለሚጠፋኝ ነው።

ትናንት ችሎት ላይ ተረታሁ። አሸንፋ ነው እንዲህ የምትቦርቀው ካልክ ተሳስተሃል፤ አፈር ድሜ ግጬ ነው የወጣሁት።

ሁሴኖ የሚባል እዚህ አሰላ የራሱ አይሱዙ ያለው ሹፌር አለ። የእናንተ ገበሬዎች ማኅበር የገዛውን የእህል ወፍጮ ዲክሲስ ድረስ ሊያደርስላቸው ተዋዋለ። ከዚያ የበልጉ ጎርፍ ወደ እናንተ የሚያሻግረውን ድልድይ ጠራርጎ ወሰደው፤ ይህንን እንኳ አንተ ትነግረኛለህ። ሁሴኖም ድልድይ ከሌለ ውል የለም ብሎ ወፍጮውን መጋዘን ውስጥ ተወው። ማኅበሩ ሲከሰው ጠበቃዬ ሁኚ ብሎ እየሮጠ እኔ ዘንድ መጣ።

እኔማ ገና ሰምቼው ሳልጨርስ ልቤ ከእሱ ጋር ሆነ። የዛሬ ሦስት ዓመት አንተስ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ አልነበር ያልከኝ? ተዛውረህ አሰላ ልትመጣ፣ ሽማግሌም ልትልክ ተነጋግረን ሳለ እናትህ ታመው ወደቁ። እሳቸውን ጥለህ መምጣት አልቻልክም፤ ከቃልህ እንድፈታህ ለመንከኝ፤ ፈታሁህ። ያልቻለን ሰው ምን ይሉታል? ስለዚህ ትናንት ችሎት ፊት የቆምኩት ለሁሴኖ ብቻ አልነበረም። አላህ የዘጋውን መንገድ ሹፌር ሊከፍተው አይችልም፣ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ሲመጣ ሕጉም ነጻ ያወጣዋል እያልኩ አንበለበልኩት። ኦሮምኛዬን በሰማህልኝ! ካስተማርከኝ ቃል አንድ እንኳ አላስቀረሁም።

ዳኛዋ ሰምታ ሰምታ ወደ ሁሴኖ ዞረችና ድልድዩ ከፈረሰ ወዲህ ዲክሲስ ሄዶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። በዓይኔ ጠቀስኩት፤ የት ያየኛል! ስለ መኪናው ተጠይቆ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ደረቱን ነፍቶ፣ የእህቱን ልጅ ሰርግ አጃቢዎች ጭኖ በሳጉሬ ወጥቶ በሮቤ ዞሮ መግባቱን፣ ጭቃው ስንቱን መኪና ሲያስቀር የእሱ አይሱዙ አንዴም እንዳልቆመ እየማለ ተረከላት። ችሎቱ በሳቅ አውካካ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ወረቀቴን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

ሳቁ ሲበርድ ዳኛዋ መንገዱ ረዝሟል፣ ወጪውም ከብዷል፣ ነገር ግን ከበደ ማለት አልተቻለም ማለት አይደለም አለች። ውሉ ወፍጮው ዲክሲስ ይድረስ ነው የሚለው፣ በዚያ ድልድይ ይለፍ አይልም፤ አንዱ መንገድ ቢዘጋ ቃሉ አልሞተም ብላ ሁሴኖ እንዲያደርስ ፈረደች።

ወላሂ፣ እዚያው ቆሜ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። የተረታ ጠበቃ እንዲህ ሲፈካ አይታ ዳኛዋ ምን ብላ ይሆን! እኔ ግን የወፍጮው ነገር አልነበረም የሚሰማኝ። እኛስ? የተነጋገርነው አብረን ልንኖር ነው፤ አሰላ ላይ ካልሆነ ብሎ የማለ ማን ነው? መምጣት ያልቻልከው አንተ ነህ፤ እኔ ልምጣ ወይ ብለህ ግን አንዴም አልጠየቅከኝም። በመጀመሪያ ባንተ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ሳልጠየቅ መናገር ባቃተኝ በራሴ፤ ከዚያ ደስታው መጣና ንዴቱን ይዞት ሄደ።

ከችሎት ስንወጣ ሁሴኖ ይረግመኛል ብዬ ስሸሽ፣ እሱ ከማኅበሩ ሊቀመንበር ከኦብሳ ጋር ሻይ ተቀምጦ ጠራኝ። ኦብሳ ዲክሲስ ውስጥ ጠበቃ የሚፈልግ ሰው ሌላ ከተማ እንደሚንከራተት፣ ገበያው አጠገብም የሚከራይ ባዶ ክፍል እንዳለ ነገረኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ተከራየሁት። ታፔላዬም ዛሬ ጠዋት ተጽፎ አልቋል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ጨው ነጋዴው ሰሚር ነው፤ እሱም የሚመጣው በሮቤ ዞሮ ነው። እስካሁን እንዳላገባህ እየሳቀ የነገረኝም እሱው ነው። ስማኝ፤ ካልፈለግኸኝ አልፈለግኩሽም በለኝ፣ ይከፋኛል፣ ግን እሰማሃለሁ። የአገርህ ሰው ጠበቃ ሆኜ እዚያው እቀመጣለሁ። አልቻልኩም የምትለዋን ግን ከእንግዲህ አልቀበልህም።

ሁሴኖ ቅዳሜ ይነሳል። ከወፍጮው ጎን የእኔ አልጋና መጻሕፍት ይጫናሉ። አባቴ ጋቢና ውስጥ ቦታ ይዟል፤ ምን ልታደርግ ትሄዳለህ ሲሉት ገብስ ልገዛ ይላል። በሐምሌ፣ ገብሱ ገና አረንጓዴ ሆኖ! ለገብስ ግዢም ነጩን ጀለቢያውን አስተኩሷል። ስለዚህ ያኔ ልትልካቸው የነበሩትን ሽማግሌዎች ካገኘሃቸው፣ ወንዙን መሻገር እንደማያስፈልጋቸው ንገራቸው።

አዴ ፋጡን ያችን ያመማቸውን እጃቸውን ሳምልኝ። አላህ ያሽርልን፣ ዕድሜያቸውን ያርዝምልን፤ አንተንም ቅዳሜ በደህና ያገናኘን።

እጮኛህ