እሺ አላሉም

ጥቅምት 3 ቀን 2009

ዛሬም ዳታ የለም። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ያይና መልሶ ይከታል። እኔም እንደዚያው።

ማታ ጓደኛዬ ባርኮት ከታች ፎቅ ጠራችኝ። ሁሴን ሙቪ ቤት ሄዳ የኮሪያ ተከታታይ በፍላሽ አስጭናለች። አስራ ስድስት ክፍል ነው፤ አስራ ሁለቱ ብቻ ነው ያለው። የቀረውን ሳያወርድ ኔት ጠፋ። «ጀምሩትና እየተንገበገባችሁ ጠብቁ» ብሏታል። የደንበኛ አያያዙ...

የፍቅር መስሎኝ ነበር። አይደለም። አንዲት ሚስት አለች፣ ቤቷ ውስጥ ዕቃ ቦታውን ይቀይርባታል። ቁልፏን ፍሪጅ ውስጥ ታገኘዋለች። ባልየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺ ነሽ ያስቀመጥሽው፣ ረስተሽው ነው» ይላታል። ፀጉሯን ይዳብሳታል። እማዬ ከላይ ስትጠራኝ ደንግጬ ዘለልኩ፣ ባርኮት በሳቅ ሞተች።

ጌድዮን ደውሎልኝ ነበር። መልሼ አልደወልኩም። ለምን?

ጥቅምት 6፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ ጌድዮን እናቱ ጋ ወሰደኝ። ሠርጋችን ጥር ላይ ሆኖ እሳቸውን እስከዛሬ አለማየቴ ያሳፍራል። እስከ ፈረንሳይ ሰፈር በታክሲ፣ ከዚያ ወደ እንጦጦ በእግር። ዳገቱን ታኮ ጫማ አድርጌ... ምን ዓይነት ጅል ነኝ። የባሕር ዛፉ ቅጠል ያንሸራትታል።

እማማ የማርያምወርቅ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጓሮው ድንችና ጎመን ነው። ልጃቸው ጴንጤ የሆነ ጊዜ ተኳርፈው ነበር፣ አሁን ታርቀዋል። «ምነው እንዲህ ቀጠንሽ፣ አያበሉሽም እንዴ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። ወደድኳቸው።

ጌድዮን ከሠርጉ በኋላ እኛ ጋ አያት ሰፈር እንዲገቡ፣ ይሄ ግቢ እንዲከራይ አነሳባቸው። ሳቁ። «እኔን ከዚህ ቤት የሚያወጣኝ ቃሬዛ ነው» አሉ። ከዚያ የድንቹን ነገር፣ ጃርት እንዳስቸገራቸው... ወሬው በዚያው ሄደ።

ስንወርድ «እማዬ ትረሳለች» አለኝ። «ዛሬ ያለችውን ነገ አታስታውሰውም።» እኔ እንኳ ከኔ የነቁ ነው የመሰሉኝ።

ጥቅምት 10

መገናኛ፣ ባቡሩ ሥር ጌድዮንን ስጠብቅ ቆሜ ቀረሁ። ፀሐዩ አናቴን በላው። በመጨረሻ ደወለ።

«የት ነሽ?»

«መገናኛ ነኛ!»

«ላምበረት ነው ያልኩሽ እኮ።»

መገናኛ ነው ያለኝ። ነው? ትናንት ሲደውል ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ... «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ የሠርጉ ጭንቀት ነው» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዛሬ ባርኮት ጋ አልወርድም።

ጥቅምት 11

ወረድኩ። ሚስትየዋ ቁልፏን አንገቷ ላይ ማሰር ጀምራለች።

ጥቅምት 16

የጋብቻ ምክር ነበረን። ጋሽ አባይነህ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ደግ ናቸው፣ ሲጠይቁም አያስጨንቁም። ስለ አገልግሎታችን ጠየቁ። ጌድዮን «እሷ ከጥር በኋላ ኳየሩን ትተዋለች፣ ተስማምተናል» አለ።

«መቼ?» አልኩት።

«ቀበና፣ ድልድዩ ጋ። እሺ አልሽኝ እኮ።»

ድልድዩ ትዝ ይለኛል። የተጠበሰ በቆሎ መግዛታችን ትዝ ይለኛል። እሺ ማለቴ ግን... ከልጅነቴ ጀምሮ የዘመርኩበትን ነገር እሺ ብዬ እረሳዋለሁ? እሱ ወደ ጋሽ አባይነህ ዞረ። «ሰሞኑን ነገር ትረሳለች ጋሼ፣ ይጸልዩላት።» አሳዝኜው ነበር የሚናገረው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ጋሽ አባይነህ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው የመርሳትን መንፈስ ገሠጹ። እኔም አሜን አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኛል። እማዬ ልትጾምልኝ ነው። በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ለመርሳት።

ጥቅምት 20፣ እሑድ

ስማችን ተነበበ። ሦስት እሑድ ይነበባል። «እህት ጵርስቅላ ኃይሉና ወንድም ጌድዮን አካሉ ሊጋቡ ስላሰቡ፣ ተቃውሞ ያለው ለሽማግሌዎች ያቅርብ።» ሕዝቡ እልል አለ። ባርኮት በክርኗ ጎሰም አድርጋኝ «እኔ ተቃውሞ አለኝ፣ ድራማ ከማን ጋር ነው የማየው?» አለች። ሳቅኩ። 

ጥቅምት 23

አስራ ሁለተኛው ክፍል አለቀ። ሚስትየዋ በሩ ላይ ቆማ የባሏን ጫማ ታያለች፣ ጭቃ አለበት፣ በቃ ጠፋ። በቀጥታ ሁሴን ጋ ሄድን።

«ኔት ሲለቀቅ» አለ።

«ባልየው ነው አይደል?» አልኩት።

«እሱን ብነግርሽ ተመልሰሽ ትመጪያለሽ?»

ባልየው ነው። ባርኮትም ትላለች። እንዲያ እየተለሳለሰ ሌላ ማን ሊሆን ነው።

ጥቅምት 27፣ እሑድ



ሁለተኛው ማስታወቂያ ተነበበ። ከሰዓት እማማ የማርያምወርቅ ጋ ወጣን። ጌድዮን ገና ከመቀመጡ «እማዬ፣ ተከራይ አግኝቻለሁ፣ ዕቃሽን መሰብሰብ ጀምሪ» አላቸው።

«የምን ተከራይ?»

«ባለፈው እሺ ብለሽኝ የለ? እዚሁ ተቀምጠን። ጵርስቅላም ሰምታለች።»

እኔን አየኝ። ያ ድምፅ ነው። ያው ቀስ ያለ፣ የሚያባብል... እሳቸውም አዩኝ። ቃሬዛ ያሉት እንደ ትናንት ነው በጆሮዬ ያለው፣ ከነሳቃቸው።  አንገቴን ደፋሁ። እሺ ብለዋል ማለት ሆነ።

ፊታቸው ላይ የሆነውን መቼም አልረሳውም። ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡና «እንግዲህ... ረስቼው ይሆናላ» አሉ። «ጭንቅላቴ መቼም አልቋል።» እሱ ጀርባቸውን ዳበሰ።

ለካ እንዲህ ነው የምመስለው።

ጥቅምት 28

መቀመጥ አልቻልኩም። ቢሮ ሁለት ጊዜ ሻይ ደፋሁ። ለባርኮት ነገርኳት። «ድራማው ነው ያሰከረሽ» አለችኝ። «ሚስትየዋን ሆነሽ አረፍሽው።» ይሆን? እማዬማ ጭራሽ «እንዲህ ያለ የጨለማ ፊልም ለክፉ መንፈስ በር ይከፍታል ብዬሻለሁ» ነው ያለችው። ጌድዮን ጸሎተኛ ነው፣ አጫሽ አይደለ፣ ጠጪ አይደለ...

ድራማው አላናገራቸውም እኮ። ቃሬዛ ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔው ነኝ የሰማሁት።

ኅዳር 2

ጋሽ አባይነህ ጋ ብቻዬን ሄድኩ። የመጣሁት ለጸሎት መስሏቸው ወንበር ሳቡልኝ።

«በእሑዱ ማስታወቂያ ላይ ተቃውሞ አለኝ» አልኳቸው።

«የማንን ጋብቻ ነው?»

«የራሴን።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ነገርኳቸው፣ የመገናኛውንም፣ የኳየሩንም፣ የእናትየውንም።  ከዚያ «ያን ቀን ስጸልይልሽ አንቺን ሳልጠይቅሽ ነው የጸለይኩት» አሉ። «ይቅር በይኝ ልጄ።»

አለቀስኩ። በመንገድም፣ ታክሲ ውስጥም። ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ሶፍት ሰጠችኝ።

ኅዳር 4፣ እሑድ

የሌሎች ስም ተነበበ። እማዬ ቀና ብላ ስትጠብቅ ቆየችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ጌድዮን በር ላይ ጠበቀኝ። «ለሰው ተስማምተን አራዘምነው ብያለሁ» አለ። «ደግሞም አንቺ ራስሽ ነሽ ይቆይ ያልሽው።»

«አላልኩም» አልኩት።

 

ኅዳር 14

እንጦጦ፣ እማማ ጋ መውጣት አለብኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ።

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ

አልወጣሁም። ምን ብዬ ነው ፊታቸው የምቆመው?

ኅዳር 24፣ ቅዳሜ

ኔት ተለቋል። ሁሴን ራሱ ደውሎ ጠራን። ከጠዋት ጀምረን አራቱንም ክፍል ተቀምጠን ጨረስነው።

ባልየው አይደለም። ታናሽ እህቷ ናት! ያቺ ሾርባ ይዛ የምትመጣዋ። ባልየው ምስኪን ነው፣ እውነትም ሚስቱ የታመመች መስሎት ሲጨነቅ ነበር። የጫማው ጭቃ ሐኪም ፍለጋ ሲንከራተት ነው።

ባርኮት ላፕቶፑን ከድና አየችኝ። እሷም አዝናልኛለች መሰለኝ። እኔ ግን በረደኝ። ጌድዮንም እንደ ባልየው ቢሆንስ? እኔስ በእውነት የምረሳ ብሆን? መገናኛም ላምበረት ሆኖ፣ ድልድዩም ጋ እሺ ብዬ... ቃሬዛውስ? እሱንም እኔ የፈጠርኩት ቢሆንስ?

ነገ እወጣለሁ። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ኅዳር 25፣ እሑድ

ብቻዬን ወጣሁ። ዛሬስ ሸራ ጫማ አድርጌ።

እማማ የማርያምወርቅ በር ላይ ነበሩ። ቤቱ ባዶ ሆኗል፣ ዕቃው በጆንያ ታስሮ ግድግዳውን ተደግፏል። ሳሙኝ። የሠርጉን መቅረት ሰምተዋል፣ አላነሱትም። ተቀመጪ ሲሉኝ አልተቀመጥኩም።

«እማማ፣ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ጌድዮን ስለ ቤቱ ሲያነሳ ምን እንዳሉ ያስታውሳሉ?»

ፈሩ። ደህና አድርጌ አየሁት፣ እንደ ተማሪ ፈሩ። «እሺ ብያለሁ አሉ እኮ።»

«ሌላ ያሉት የለም?»

መሬት መሬቱን አዩ። «እኔስ... ቃሬዛ ያልኩ ይመስለኝ ነበር። ብቻ እናንተ ሁለታችሁ...»

ቃሬዛ አሉ። እኔ ሳልነግራቸው።

«ብለዋል» አልኳቸው። «እሺ አላሉም። ከዚህ የሚያወጣኝ ቃሬዛ ነው ነው ያሉት። እኔ እዚህ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።»

 ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

«እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ» አሉ።

ደግሜ ነገርኳቸው። እያንዳንዱን ቃል በጭንቅላታቸው እየተከተሉ ሰሙኝ። ከዚያ ተነስተው አንደኛውን ጆንያ ወደ መሐል ጎተቱና ገመዱን መፍታት ጀመሩ። ጠብቆ ነበር። ሌላኛውን ጫፍ እኔ ያዝኩ።