በካርዱ ላይ ያልጻፍኩት

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

አስራ አራቱም ስካውቶች ለመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት መጡ፤ ሦስቱ አርፍደው። በር ላይ አቆምኳቸው። የሚደማ ሰው አይጠብቅም አልኩ። የነስር ልምምድ። ግማሾቹ ዛሬም አንገት ወደ ኋላ ይቀለብሳሉ። ወደ ፊት አልኩ፣ ስንት ጊዜ! ለቃጠሎ የጥርስ ሳሙና የሚልም አልጠፋም።

ከዚያ ፈተና፤ ራሱን ሊስት የደረሰ ሰው። ቅደም ተከተሉ አምስት ነው፤ ሰሌዳው ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ። የሺ፣ የአስረኛ ክፍሏ፣ በሽተኛ ሆኖ የተኛውን ጓደኛዋን ገና ሳትጠጋ በልተሃል ወይ ብላ ጠየቀች። ከተራው የለም፤ ዜሮ ሰጠኋት። እናቴ ስኳር አለባት፣ ሲስተር፣ እኛ ቤት መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው አለች። ቤትሽና እዚህ ለየቅል ነው አልኳት። ከኋላ አንዱ፣ በሽተኛው ተራ ቁጥር አያውቅም ብሎ አሳቀ። እሱንም ዜሮ።

አላዘንኩም። እኔ ነርስነት ስማር ፋሻ አንድ ዙር ከጎደለ ጣት በማስመሪያ ይመታ ነበር።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ስንዱ ከሞጣ ደወለች። ታናሽ እህቴ፤ የቀረችኝ እሷ ብቻ። ኢንሱሊን መውጋት የጀመረችው ከጥር ወዲህ ነው። ያኔ ሄጄ ካርድ ጻፍኩላት፤ አንድም ቀን እንዳይዘለል ብዬ በቀይ አሰመርኩ። እየተከተልሽ ነው ወይ አልኳት። አንዲት ደቂቃ አላዛነፍኩም፣ እታለም አለች። ደስ አለኝ። የዜማ መምህር አባታችን፣ ከተጻፈው አትጨምሩ፣ አትቀንሱ ብለው ነው ያሳደጉን።

ረፋድ ላይ ያልበኛል አለች። ፀሐዩ ነው አልኳት።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ፣ 7 ሰዓት

የስንዱ ጎረቤት አለሚቱ ደወለች። ስንዱ ደጅ ወድቃ ተገኘች። ቢጠሯት አትሰማም፣ ላብ አጥምቋታል፣ ታንኮራፋለች። የሚጥል በሽታ መስሏቸው ክብሪት ጭረው አሽትተዋታል። ጸበል በአፏ ሊጨምሩ ነው። በአፏ ምንም እንዳትጨምሩ፣ በጎኗ አስተኟት፣ ጤ/ጣቢያ ውሰዷት አልኩ። በልታለች ወይ?

«ምን ነካዎት እማማ፣ በሁዳዴ? ቅዳሴ ሳይወጣ ማን ይበላል። መርፌዋን ግን በሰዓቷ ተወግታለች።»

በየትኛው ጎኗ እናስተኛት አለችኝ። መልሴን ሳልጨርስ ኔትወርክ ጠፋ። ደጋግሜ ብደውል አይጠራም።

9 ሰዓት

ከመናኸሪያ መመለሴ ነው። የሞጣ መንገድ ከትናንት ጀምሮ ዝግ። ተራ አስከባሪው፣ እማዬ፣ ዛሬ ለወፍም አይከፈት አለኝ። የእርዳታ ቦርሳዬን ታቅፌ አግዳሚው ላይ ቆየሁ። ለአስራ አራት ልጅ የሚበቃ ፋሻ አለው።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ስልክ የለም። የካርዱን ቅጂ አወጣሁ፤ የጻፍኩትን ሁሉ ቅጂ አስቀራለሁ። ሰዓት፤ አለ። መጠን፤ አለ። የሚወጋበት ቦታ፤ አለ። ምግብ የሚል የለም። ይታወቃል ብዬ። ለማን ይታወቃል? እሷ ጾሙንም ታዛለች፣ ካርዱንም ታዛለች። በሁለቱ መካከል ጣልኳት።

ላብ የመጀመሪያው ምልክት ነው። የማስተምረው እኔ ነኝ። ፀሐዩ ነው አልኳት።

ጸሎትም አልያዝልሽ አለኝ።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

አለሚቱ ለጥቂት ደቂቃ ተገኘች። በቃሬዛ ተሸክመው ጤ/ጣቢያ አድርሰዋታል። ግሉኮስ ሲሰጧት ዓይኗን ገልጣለች። ግን ዘግይቷል፤ ምላሷ ከብዷል፣ ቀኝ እጇ አይጨብጥም። ይመለስ አይመለስ አናውቅም ብለዋቸዋል። ነገ ወደ ቤቷ ትገባለች። ሰኞ ጾሟንም መርፌዋንም እቀጥላለሁ ብላለች። የንስሐ አባቷ ብይ ቢሏት፣ ሐኪሙ ቢቆጣት፣ አሻፈረኝ። ያለችውን አለሚቱ እንዳለ ነገረችኝ።

«እታለም በእጇ ካልጻፈችው አልቀይርም። ካርዱን አላጎደልኩም በዪልኝ።»

ብይ ያልኳት እኔ ነኝ በዪያት ስል መስመሩ ተቋረጠ። ትስማ አትስማ አላውቅም።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

ሰሌዳውን አጠፋሁ። የሺን ጠርቼ ጠመኔውን ሰጠኋት፤ ያን ቀን የጠየቅሽውን ከላይ ጻፊ አልኳት። ዜሮዋን በሁሉም ፊት ሰረዝኩ። ምን ተገኘ፣ ሲስተር አለችኝ። የልብ ምት ለኩ ብዬ ወጣሁ።

ዛሬም መናኸሪያ ሄጃለሁ። መንገዱ እንደተዘጋ ነው። በእግር እንዳልሄድ ጉልበቴን አውቀዋለሁ። ሰኞ ጧት 1 ሰዓት መርፌዋ ነው። ነገም ከነጋ ጀምሮ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ፤ ወደ ሞጣ ለሚያልፍ ለማንም እሰጣለሁ። አዲሱ ካርድ ይኸው፤ ቅጂው እዚህ ይቅር።

1ኛ፦ ስንዱዬ፣ በልተሻል? ካልበላሽ መርፌውን አትንኪ፤ መጀመሪያ ብይ።