ሳልመለስ ስለ ተመለስኩበት ጉዞ

ለተከበሩ አቶ ሳምሶን፤
የሰፈራችን አረጋውያን የጉብኝት ጉዞ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ቦንጋ

ጤናዎ እንደ ድምፅ ማጉያዎ የማይደክም እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከምስጋናዬ በፊት የደበቅሁትን አንድ ጥፋት ልናገር። ባለቤቴ ዓባይነሽ ባረፈች ጊዜ ወንድሞቿ ሊቀብሯት ወደ ትውልድ መንደሯ፣ ከሺሺንዳ በላይ ወዳለችው ማርያም ሲወስዷት፣ እኔ ታምሜያለሁ ብዬ ቤቴ ቀረሁ። አልታመምኩም ነበር። አፈር ስትለብስ ማየት ፈርቼ ነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ስለ መቃብሯ ለጠየቀኝ ሁሉ በየዓመቱ እሄዳለሁ እያልኩ ኖርኩ።

ኮሚቴዎ በሺሺንዳ በኩል አልፈን በአንድ ቀን ዋጫ ከተማ ደርሰን እንድንመለስ ጉዞ አዘጋጀ ሲባል፣ እግዚአብሔር መንገድ የከፈተልኝ መስሎኝ ነበር። ስለዚህም አመሰግናለሁ፦

፩ኛ. ጠዋት መኪናው ገና ሳይነሳ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ፊርማ አንድ ላይ ስላስፈረሙን፤ በእኛ ዕድሜ መመለሳችንን አስቀድሞ የሚያረጋግጥልን ሰው በቀላሉ አይገኝም።

፪ኛ. ዕለቱ ረቡዕ መሆኑን እያወቁ ለምሳ ጥብስ ስላዘዙልን፤ ጾመኞቹ ሽታውን በደረቅ ዳቦ በልተናል።

፫ኛ. ስንመለስ የባለቤቴን መቃብር እንዳይ ማርያም መገንጠያው ላይ ሩብ ሰዓት ብቻ እንዲቆሙልኝ ብለምንዎ፣ "ጋሼ፣ ፕሮግራም አለን፤ እሳቸው እንደሁ የትም አይሄዱብዎ" ብለው ስላጽናኑኝ። እውነትዎን ነው፣ እሷ የትም አትሄድም። መሄድ ያቃተኝ እኔ ነኝ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከወንድሞቿ በሕይወት የቀሩት፣ መቃብሩንም የሚያውቁት እዚያው መንደሩ የሚኖሩት ጋሽ ሣህሌ ብቻ ናቸው፤ የእሳቸውም ዓይን እየጠፋ ነው። ያ ቀን ካመለጠኝ ሌላ አልነበረኝም። ይህን በሰው ሁሉ ፊት መናገር ግን አፈርኩ።

፬ኛ. ከመገንጠያው ጥቂት አለፍ ብለው ባነሩን ዘርግተው አርባ ደቂቃ ፎቶ ስላስነሱን። ባነሩ ተገልብጦ እንደገና ሲያስተካክሉ፣ እኔ ወደ ኋላ ተመልሼ ወደ ማርያም የሚያወጣውን ዳገት ጀመርኩ።

አብረውን የተጓዙት እትዬ ብርቄ በኋላ እንደነገሩኝ፣ "ገብረጊዮርጊስ የለም እኮ" ቢሉዎት፣ ወረቀቱን አይተው "ፈርመዋል፤ ተመልሰዋል" ብለው መኪናውን አስነሱ። ሪፖርትዎም ሠላሳ ሁለት አረጋውያን ሄደው ሠላሳ ሁለቱም በደስታ ተመለሱ ይላል። ልፈርድብዎ ግን አልችልም፤ እርስዎ በአንድ ወረቀት የዋሹትን እኔ አሥራ አንድ ዓመት በአፌ ዋሽቼዋለሁ።

በወረቀት ያን ዕለት ቦንጋ የገባሁ፣ በአካል ግን በማግስቱ በቡና ጫኝ አይሱዙ የደረስኩ፣
ውለታዎን የማልረሳ
ገብረጊዮርጊስ በዛብህ

ማሳሰቢያ፦ ለሚቀጥለው ጉዞ እንዳይቸገሩ የመሄጃዬንም የመመለሻዬንም ፊርማ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ እኔ ባልመጣም ይበቃዎታል። በአሁኑ ወረቀት ላይ ግን ከስሜ ጎን "አስተያየት" የሚለው ቦታ ባዶ ስለሆነ፣ እንዲህ ብለው ይሙሉልኝ፦ ጋሽ ሣህሌ በእግራቸው እየዳሰሱ ሁለት መቃብር ተሳስተው በሦስተኛው አገኟት፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገብረጊዮርጊስ ተንበርክኮ፣ ወንድሟ እየሰሙ፣ ያን ቀን አልታመምኩም ነበር አላት።