መርፌ የሰበረ እጁን ያነሳል

ሰኞ
የሰፋሁትን ኮሌታ መሬት ላይ ጣለው። ጋሽ እንድሪስ ነው፣ የመስመራችን ሱፐርቫይዘር። «ኮሌጅ ያስተማሩሽ በወረቀት ነው እንዴ?» አለኝ፣ ሴቱ ሁሉ እየሰማ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ሰዓዳ ጎንበስ ብላ አነሳችልኝ። የእሷ ስፌት መቼም አይመለስም። ሁለታችንም ከቢስቲማ መጥተን ደሴ ሆጤ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተናል፤ ዓርብ ደሴ ኮሌጅ እንማራለን፣ ሌላውን ቀን ኮምቦልቻ ሸሚዝ ፋብሪካ እንለማመዳለን። ልምምዱ ሲያልቅ የሚቀጥሩት አንዳችንን ብቻ ነው። ማንን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

ማክሰኞ
ሦስት ኮሌታ ብቻ ተመለሰብኝ። ማንም አልሰደበኝም። አልሃምዱሊላህ።
ጠዋት ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ሰዓዳ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር። በእንቅልፏም ቀናሁባት።

ረቡዕ
መርፌ ተሰበረብኝ። እዚህ መርፌ የሰበረ እጁን ያነሳል፣ መስመሩ ይቆማል፣ ስብርባሪው አንድ ሳይቀር ተለቅሞ ካርድ ላይ ይለጠፋል፤ አዲስ መርፌ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ኮሌጅ ግን ሰባራውን ጥለን ከቦርሳችን ሌላ እንተካለን። እኔም እንደ ኮሌጁ አደረግሁ። ጫፉን ፈልጌ አጣሁት። ኮሌታዎቹን አስሬ ለሰዓዳ አሳለፍኩ፤ ከሸሚዙ ጋር የምትገጥመው እሷ ናት። የሰው አንገት ሊወጋ እንደሚችል አውቄያለሁ። የተረፉኝን መርፌዎች ሽንት ቤት ጣልኳቸው።

ሐሙስ
ያለቀ ሸሚዝ የሚያልፍበት የብረት መፈተሻ ማሽን ጮኸ። ጫፉ የተገኘው ሰዓዳ በገጠመችው ሸሚዝ ውስጥ ነው። የሁለታችንም ቦርሳ ተፈተሸ። የእኔ ባዶ ነው፤ ከእሷ የኮሌጁ መርፌ ከነማሸጊያው ወጣ።
«ወላሂ አልሰበርኩም፣ ጋሼ» አለች።
ጋሽ እንድሪስ ወደ እኔ ዞሮ «አብራችሁ ነው የምትኖሩት፣ ማን ነው የሰበረው?» አለኝ።
«እኔ እንጃ። መርፌ ግን ይዛ ትመጣለች» አልኩት።
ይዛ መምጣቷን ማን ጠየቀኝ?
መታወቂያዋን ከአንገቷ አስወልቆ፣ የልምምድ መዝገቧ ላይ «አልበቃችም» ብሎ በቀይ ጻፈባት። «አልበቃችም» የተባለችውን ልጅ ስፌት እኔ በሕይወቴ አልደርስበትም።

ዓርብ
ከኮሌጅ ስመለስ ልብሷን ስትሸክፍ ደረስኩ። ወደ ቢስቲማ ልትሄድ ነው። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።
«መርፌውን ስትቀይሪ አይቼሻለሁ፣ ዘሃራ። እስክትናገሪ ነበር የጠበቅኩሽ።»
አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ተናደድኩባት። ብትሰድበኝ እኮ እኩል እንሆን ነበር። ሻንጣሽን እስከ መነኻሪያ ልያዝልሽ አልኳት፤ አልሰጠችኝም።

ቅዳሜ
ክፍሉን ጠረግሁ። አልጋዋን ወደ ግድግዳው ገፋሁት። ሰፋ አለ።

ሰኞ
የሰዓዳ ማሽን ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ እንድሪስ መዝገቤ ላይ «በቅታለች» ብሎ ፈረመ፤ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ተቀጣሪ ነኝ። እናቴ ስልክ ላይ እልል አለች።
በምሳ ሰዓት የኮሌጁ መምህራችን ደወለ። ሰዓዳ አልሰበረችም ብሎ የሚጽፍ አንድ ሰው ቢያገኝ ሌላ ፋብሪካ ሊያስገባት እንደሚችል ነገረኝ። ሰዓዳ የማንንም ስም አልጠራችለትም።
«ያየሽው ነገር አለ?» አለኝ።
«የለም» አልኩት። አመሰገነኝ።
ከእንግዲህ ምግብ አልዋጥ ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድ ሙሉ ፍርፍር ጨርሼ እንጀራ አስጨመርኩ።